ሁለተኛውን የቡና ኮንትራት ከመግዛት በፊት

(በራዲዮ ከተነገረው፣ ለአንባቢ እንዲመች ሆኖ የቀረበ)

በሚዛን አማንና በቴፒ፣ በዙሪያቸውም ባሉት ወረዳዎች በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ ብዙ ሰዎች በደመወዛቸው ላይ ጥቂት ለመጨመር ባሰቡ ጊዜ ዓይናቸው አስቀድሞ የሚያርፈው በቡና ላይ ነው። አገሩ የቡና አገር ነውና ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። ከአንድ ባለይዞታ ገበሬ ጋር ይስማማሉ፤ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ይከፍላሉ፤ ለተወሰኑ ዓመታትም የማሳውን ፍሬ እየለቀሙ ይጠቀማሉ። ይህንኑ በተለመደው አነጋገር «ኮንትራት» ይሉታል። ስለ መጀመሪያው ኮንትራት ብዙ ተብሏል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ይኸውም አንድ ኮንትራት ያለው ሰው፣ ሌላው ጀምሮ ያልጨረሰውን ኮንትራት ቀሪ ዘመን እንዲገዛ በተጠየቀ ጊዜ ሊያደርገው ስለሚገባው ምርመራ ነው።

ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባ ወደ ሌላ ዞን ይዛወራል። የያዘው ግማሽ ሄክታር ቡና ስድስት ዓመት ይቀረዋል። «ለአንተ ስለ ሆነ ነው እንጂ ለሌላ ሰው በዚህ ዋጋ አልሰጠውም» ይላል። ደላላም በመካከል ይገባል። ገዢው አንድ ማሳ አለው፤ ሥራውን ያወቀው ይመስለዋል፤ ማሳውም ባለፈው ዓመት ደኅና ገንዘብ ሰጥቶታል። በቁጠባ ያስቀመጠው፣ ምናልባትም ለልጆቹ ትምህርት ወይም ለቤት መሥሪያ ያሰበው ገንዘብ አለ። እንግዲህ ይግዛው ወይስ ይተወው?

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። መሬቱ አይደለም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥም መሆኑን ደንግጓል። የቡናው ዛፍም አይደለም፤ የተለየ ነገር ካልተጻፈ በቀር ኮንትራቱ ሲያልቅ ዛፉ ከመሬቱ ጋር ከባለይዞታው ዘንድ ይቀራል። የሚሸጠው ዘመን ነው። ዘመን ደግሞ ከቤትም ከበሬም የተለየ ሸቀጥ ነው። ቤት የገዛ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ቢሸጠው ቤቱ ያው ቤት ነው። የስድስት ዓመት የቡና ኮንትራት የገዛ ሰው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ የሚሸጠው የሦስት ዓመት ኮንትራት ብቻ ነው፤ በመጨረሻ የሚሸጠው ነገር አይኖረውም። ስለዚህ «ባይሆንልኝ መልሼ እሸጠዋለሁ» የሚለው ሐሳብ የሚያጽናና እንጂ የሚያዋጣ አይደለም።

በሌላውም ዓለም ይህን የመሰለ ንግድ አለ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአውሮፓ በአልፕስ ተራሮች አካባቢ የተጀመረ፣ በኋላም በአሜሪካ በፍሎሪዳና በሃዋይ እጅግ የተስፋፋ ልማድ ነው። ሰዎች የአንድን የመዝናኛ ቤት ሙሉ ባለቤትነት ሳይሆን በየዓመቱ አንድ ሳምንት በቤቱ የማረፍ መብት ይገዛሉ፤ አንዱ ቤት እስከ ሃምሳ ለሚደርሱ ገዢዎች በሳምንት በሳምንት ተከፋፍሎ ይሸጣል። የመጀመሪያው ገዢ ብዙ ሺህ ዶላር ይከፍላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልሽጠው ቢል ግን ገበያው እጅግ ወድቆ ያገኘዋል፤ በአንድ ዶላር ለጨረታ የሚያቀርቡ አሉ፤ እንዲያውም የሚወስድላቸው ሰው ለማግኘት ከኪሳቸው ጨምረው የሚሰጡ አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሳምንቱን የያዘ ሰው ወደ ቤቱ ቢሄድም ባይሄድም የቤቱን የጥገናና የጥበቃ ዓመታዊ ክፍያ መክፈል አለበት፤ ክፍያውም እያደር ይጨምራል። ስለዚህ ሻጩ የሚያስተላልፈው ደስታውን ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም ጭምር ነው።

የቡና ኮንትራት ፍሬ የሚሰጥ በመሆኑ ከዚህ ይሻላል። ሆኖም ዓመታዊ ክፍያ እርሱም አለው፤ ስሙ ብቻ ተለወጠ። አረም፣ ጥበቃ፣ ለቀማ፣ ማመላለሻ ይባላል። ቡናው ቢይዝም ባይዝም አረሙ ይበቅላል።

ወደ ሕጉ እንመለስ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት ባደረገ ጊዜ፣ በከፋና በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛቶች የቡና መሬት ይዘው በከተማ ይኖሩ የነበሩ ባለርስቶች መብታቸው በአንድ ቀን አለቀ። ከዚያ ወዲህ በገጠር መሬት ላይ ያለው መብት የመጠቀም መብት ነው። ቁጥር 456/1997 የሆነው የፌዴራል አዋጅ ባለይዞታው ከመሬቱ ሳይፈናቀል ሊያከራይ እንዲችል ፈቀደ። ያን ጊዜ ይህን አካባቢ ያስተዳድር የነበረው የደቡብ ክልልም በአዋጅ ቁጥር 110/1999 የኪራዩን ዘመን ወሰነ፤ ከገበሬ ለገበሬ እስከ 5 ዓመት፣ ለባለሀብት እስከ 10 ዓመት፣ ቋሚ ተክል ለሚያለማ ባለሀብት እስከ 25 ዓመት። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ወጥቶ የቀድሞውን የፌዴራል አዋጅ ተካ። ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው አንባቢን ለማድከም አይደለም። የሚቀርብልዎ ወረቀት የትኛው ሕግ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በየትኛው ጽሕፈት ቤት፣ ለማን ተብሎና ለስንት ዓመት እንደ ተመዘገበ ካላወቁ፣ «ስድስት ዓመት ይቀረዋል» የሚለው ቃል ትርጉም ስለማይኖረው ነው። ከሕግ ወሰን በላይ የተጻፈ ዓመት ከዓመት አይቆጠርም። የመንግሥት ሠራተኛ ገበሬም ባለሀብትም ተብሎ ሳይመዘገብ በወዳጅነት ብቻ የገባበት ኮንትራት ከሆነ ደግሞ፣ እርስዎ የሚገዙት የባልደረባዎን እምነት እንጂ መብት አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ማሳው ሳይሆን ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መሆን አለበት። (አብዛኛው ሰው ማሳውን አይቶ ልቡ ከሄደ በኋላ ነው ወረቀት የሚፈልገው፤ ያን ጊዜ ወረቀቱን የሚያነበው ለማመን ብሎ ነው።) በዚያም የባለይዞታው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በማን ስም እንደ ሆነ ይጠይቁ። ደብተሩ የባልና የሚስት ስም ይዞ ሳለ በኮንትራቱ ላይ የባል ፊርማ ብቻ ካለ፣ ኮንትራቱ ሚስቲቱ በተናገረች ቀን የሚናጋ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በ1727ኛው ቁጥር፣ በጽሑፍ እንዲሆን የታዘዘ ውል በሁለት ምስክሮች ፊርማ ካልተረጋገጠ እንደማይጸና ያስረዳል።

ሁለተኛ ግዢ የራሱ የሆነ ችግርም አለው። ባለይዞታው ውል የገባው ከባልደረባዎ ጋር ነው እንጂ ከእርስዎ ጋር አይደለም። እርስዎ ለባልደረባዎ ገንዘቡን ቆጥረው ሰጥተው፣ እርሱም ወደ ተዛወረበት አገር ሄዶ፣ በለቀማ ጊዜ ለቃሚ ይዘው ሲደርሱ ባለይዞታው «እኔ አንተን አላውቅህም» ቢል ማንን ይዘው ይሟገታሉ? ስለዚህ የሚፈረመው ወረቀት አራት ፊርማ ያለው መሆን ይገባዋል፤ የሻጩ፣ የገዢው፣ የባለይዞታውና የትዳር ጓደኛው። ይኸውም ወረቀት በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ መውጣት አለበት። ሻጩ «ገበሬውን ምን አስቸገረው፤ እኛው እንጨርሰው» ካለ፣ መልሱን ከራሱ አፍ ሰምተዋልና ወደ ቤትዎ ቢመለሱ ይሻላል።

ስለ ባለይዞታው ጥቂት እንጨምር፤ ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለምና። ገበሬ ቡናውን ለብዙ ዓመት በአንድ ጊዜ ክፍያ የሚለቀው ብዙውን ጊዜ ሲቸግረው ነው፤ ለሕመም፣ ለልቅሶ፣ ልጅ ለመዳር፣ ወይም ብድር ለመክፈል። ገንዘቡ በመጀመሪያው ዓመት ያልቃል፤ ኮንትራቱ ግን ይቀጥላል። የቡና ዋጋ በጨመረ ቁጥር ባለይዞታው በገዛ መሬቱ ላይ የበቀለውን ፍሬ ሌላው ሲለቅመው ቆሞ ያያል። እንዲህ ባለ ማሳ ላይ ጥበቃ ቢቀጠርም ፍሬው ሌሊት ሌሊት መቀነሱ አይቀርም፤ ጎረቤትም አየሁ አይልም። እንግዲህ ሻጩ «ተዛወርሁ» ሲል እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ከመዛወሩ በፊት ከባለይዞታው ጋር እንዴት ይኖር እንደ ነበር ጎረቤቱን መጠየቅ ይገባል። ለቤተ ሰቡ የሚበቃ ሌላ መሬት አላቸው ወይ? ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ሕጉ ራሱ ኪራይ ባለይዞታውን የሚያፈናቅል እንዳይሆን አዝዟል። በተለይ በመሬት አስተዳደር፣ በግብርና ወይም በፍርድ ሥራ ላይ ያለ ሰው በሚሠራበት ወረዳ ውስጥ ኮንትራት በኮንትራት ላይ ሲደርብ፣ ነገ በመዝገብ ፊት የሚቆመው ያው ገበሬ መሆኑን ማሰብ ይኖርበታል። በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለው ሰው ዋጋው ምንም ቢረክስ ባይገዛ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ማሳው እንሂድ። የቡና ዛፍ ከተተከለ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ፍሬ ይጀምራል፤ ከዚያ እየበረታ ይሄድና፣ ሲያረጅ ፍሬው በቅርንጫፉ ጫፍ ጫፍ ላይ ብቻ ይቀራል። ያረጀውን ዛፍ ከግንዱ በታች ቆርጦ አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ማድረግ ይቻላል፤ ይህም ጉንደላ ይባላል። የተጎነደለ ቡና ግን እንደገና ደኅና ፍሬ እስኪይዝ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈጃል። እዚህ ላይ የኮንትራት ቡና ምሥጢር አለ። ዘመኑ የተቆጠረለት ሰው ሦስት ዓመት ጾሙን ውሎ የሚጎነድልበት ምክንያት የለውም፤ የዛሬውን ለቅሞ የነገውን ለቀጣዩ ይተዋል። ቀጣዩ ደግሞ፣ እርስዎ ከገዙት፣ እርስዎ ነዎት። በጥላ ዛፎቹም ላይ እንዲሁ ነው፤ ዋንዛውና ሰሳው ለእንጨት ተሽጦ ከሆነ ቡናው ለአንድ ሁለት ዓመት ብዙ ይይዝና ይደክማል። ስለዚህ ሻጩ «ባለፈው ዓመት እንዴት እንደ ያዘ ባየኸው!» ሲል፣ የያዘው በጉልበቱ ነው ወይስ በድካሙ? ብሎ ከቅርንጫፉ ማየት ያስፈልጋል።

በሽታም አለ። በ1971 (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በደጋማው ቦታ ይበረታል፤ የጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል የበሽታውን ኀይል የሚቋቋሙ እንደ 74110 እና 74112 ያሉ ዝርያዎችን ያወጣው ለዚህ ነው። በቴፒና በበበቃ ቆላ ግን ይበልጥ የሚያሠጋው ዛፉን የሚያደርቀው በሽታ ነው። ቅጠሉ መጀመሪያ በአንድ ወገን ይጠወልጋል፤ ኋላ ዛፉ በሙሉ ይደርቃል፤ ልጡ ሲፋቅ ከሥሩ ያለው እንጨት ጠቁሮ ይታያል። በሽታው በቁስል ይገባልና በአረም ጊዜ በገጀራ የተነካ ግንድ ሁሉ በር ይሆንለታል። መድኀኒቱ የታመመውን ዛፍ ነቅሎ እዚያው ማቃጠል ነው። እንግዲህ በማሳው መካከል ዛፍ የጠፋበት ባዶ ቦታ ካዩ፣ ዛፉ ለምን እንደ ተነቀለ ይጠይቁ፤ መልሱን ሻጩ ሳይሆን ዛፉን የነቀለው የቀን ሠራተኛ ቢነግርዎ የተሻለ ነው።

ስለ ሒሳቡም ይህን ያህል ልናስረዳ እንወዳለን። ሻጩ «ሃያ ኩንታል ወጥቶለታል» ሲል የምን ሃያ ኩንታል? ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ጥበብ ነው። እሸት ቀይ ቡና ነው? ጀንፈል ነው? ወይስ የተፈለፈለ? ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል፤ ከጀንፈል ግን ሁለት ኪሎ ያህል ይበቃል። ሃያ ኩንታል እሸት ሦስት ኩንታል ተኩል ያህል ንጹሕ ቡና ሲሆን፣ ሃያ ኩንታል ጀንፈል አሥር ኩንታል ያህል ነው። በአንድ ቃል ውስጥ ሦስት እጥፍ ልዩነት አለ። ደላላው ደግሞ በፈረሱላ ሲናገር (አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው) ነገሩ የባሰ ይደባለቃል።

ለምሳሌ ያህል ግማሽ ሄክታሩ በደኅና ዓመት 20 ኩንታል እሸት ይሰጣል እንበል፤ ይህ ለገበሬ ማሳ መካከለኛ ነው። አንዱ ኪሎ እሸት በ100 ብር ቢሸጥ 200,000 ብር ይሆናል። ለለቀማ በኪሎ 15 ብር ሲከፈል 30,000፤ ለአረም፣ ለጥበቃና ለማመላለሻ 70,000 እንበል። 100,000 ብር ይተርፋል። ሻጩ የሚያሳየው ይህን ዓመት ነው። ቡና ግን አንድ ዓመት ብዙ ከያዘ በሚቀጥለው ዓመት የሚያርፍ ተክል ነው። በሁለተኛው ዓመት 10 ኩንታል ቢሰጥ ገቢው 100,000፣ ለቀማው 15,000፣ ሌላው ወጪ ግን ያው 70,000 ነውና 15,000 ብር ብቻ ይተርፋል። እንዲህ እየተፈራረቀ ስድስት ዓመት ቢሄድ ጠቅላላው ትርፍ 345,000 ብር ነው፤ ያውም በሽታ ሳይገባ፣ ሌባ ሳይነካው።

ሻጩ 300,000 ብር ቢጠይቅ 45,000 ብር የሚተርፍ ይመስላል። ነገር ግን ያ 300,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ ስድስት ዓመት በባንክ ቢቀመጥ 450,000 ብር ይሆናል። የቡናውን ትርፍ በየዓመቱ እየወሰዱ በዚያው ወለድ ቢያስቀምጡት እንኳ ከ422,000 ብር አይበልጥም። አንድ ደኅና ዓመት ብቻ ቢከሽፍ ደግሞ ጉዳቱ ግልጽ ነው። «የብር ዋጋ እየቀነሰ ሲሄድ የቡናው ዋጋ አብሮ ይጨምራል» የሚል ሰው ሐሰት አልተናገረም፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ በዓይን ታይቷል። የአራሚውና የለቃሚው ዋጋም አብሮ መጨመሩን ግን አይዘንጋ። በእነዚህ ቁጥሮች ከሆነ እኛ ከ200,000 ብር በላይ አንከፍልም ነበር። ቁጥሮቹን በየማሳዎ ልክ ይለውጡ፤ አካሄዱ አይለወጥም።

የዓለምም ዋጋ ራሱ የሚታመን አይደለም። በ1989 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ሲፈርስ ዋጋው ወደቀ፤ በ1994 በብራዚል ውርጭ ወርዶ ዋጋው በእጥፍ ዘለለ፤ በ2001 አንዱ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ብዙ ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ፤ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ሻጭ ኮንትራቱን የሚገምተው ሁልጊዜ በቅርቡ ዓመት ዋጋ ነው። ዋጋው ከፍ ባለበት ዓመት የሚሸጥ ቀሪ ዘመን ውድ ነው፤ የሚለቀመው ግን በሚመጡት ዓመታት ነው።

ስለ ጌሻ ቡናም አንድ ቃል። በዚሁ በእኛ አገር ከጌሻ አካባቢ የተወሰደው ዘር በኬንያና በታንጋኒካ አልፎ በ1953 (እ.ኤ.አ.) ኮስታሪካ ደረሰ፤ ከዚያም ፓናማ ገብቶ በ2004 በውድድር አንደኛ ከወጣ ወዲህ ስሙ በዓለም ገነነ። አሁን ደላሎች ማንኛውንም የቤንች ቡና «ጌሻ ነው» ማለት ለምደዋል። ያ ዋጋ የሚገኘው ከዘሩ ብቻ ሳይሆን ከቦታው ከፍታ፣ ከአለቃቀሙ፣ ከአደራረቁና ቀምሶ ከሚገዛው ነጋዴ ነው። በግማሽ ሄክታር የኮንትራት ቡና ላይ በስሙ ተጨማሪ ብር መክፈል ስም መግዛት ነው።

ሁለት ማሳ ያለው ሰው አንዱ ባይሰጥ ሌላው ይሰጠኛል ብሎ ያስባል። በሁለት ሰብል ቢሆን እውነት ነበር። ሁለቱም ቡና፣ ሁለቱም በአንድ ሰማይ ሥር ሲሆኑ ግን ዝናብ ሲዘገይ በሁለቱም ላይ ይዘገያል፤ ዋጋ ሲወርድ በሁለቱም ላይ ይወርዳል። ፍሬውም በአንድ ሳምንት ይቀላል። ቀይ ቡና በዙር በዙር እየተመረጠ መለቀም አለበት፤ ለሚታጠብ ቡናም በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ጣቢያ መድረስ አለበት። ከቴፒ እስከ ሚዛን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንዱ ማሳ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ከሆነ፣ ቀኑን በቢሮ የሚውል ሰው የለቃሚውን ሚዛን በየትኛው ማሳ ቆሞ ያያል? የዓመት ፈቃዱ አንድ ነው።

እንዲህም ስንል ፈጽሞ አይገዛ ማለታችን አይደለም። ማሳው ከመጀመሪያው ማሳዎ ጋር የተዋሰነ ከሆነ፣ ባለይዞታውም ያው የሚያውቁት ቤተ ሰብ ከሆነ፣ ሻጩ ከሁለት ዓመት በፊት ጎንድሎት ቀንበጡ አሁን ሊይዝ የደረሰ ከሆነ፣ መዝገቡም ንጹሕ ከሆነ፣ ያ ሰው የደከመበትን እርስዎ ይለቅማሉና ይግዙት። እንዲህ ያለው ግን እምብዛም ለሽያጭ አይወጣም። ብዙውን ጊዜ የሚሻለው ያንኑ ገንዘብ በመጀመሪያው ማሳ ላይ ማዋል ነው። ያረጀውን ሲሶ ሲሶውን በየዓመቱ ቢጎነድሉ ሌላው ሁለት ሲሶ እየሰጠ ይቆያል፤ የማድረቂያ አልጋ ቢሠሩ ቡናው መሬት ሳይነካ ይደርቃል፤ በባዶው ቦታ በሽታ የሚችል ችግኝ ቢተክሉ ደግሞ ለባለይዞታውም ይጠቅማል። ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን ቀሪ ዘመንዎን በውሉ ላይ ያስረዝሙ፤ ለተከሉት ችግኝ የሚከፈልዎ ካሳም ካለ አብሮ ይጻፍ።

ገና ልየው የሚል ሰው ደግሞ ጊዜውን ይምረጥ። ሻጭ ማሳውን ሊያሳይ የሚወደው በየካቲትና በመጋቢት በመጀመሪያው ዝናብ አበባው ነጭ ሆኖ ሲታይ፣ ወይም በጥቅምት ፍሬው ሲቀላ ነው። እርስዎ በሐምሌና በነሐሴ፣ በዝናቡ መካከል ይሂዱ፤ ጭቃው ቢያስቸግርም ፍሬው አረንጓዴ ሳለ የሚጠቁረው፣ ቅጠሉ በአንድ ወገን የሚጠወልገው፣ አረሙም ከጉልበት በላይ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። አብሮዎ የሚሄድ የግብርና ባለሙያ ቢያገኙ መልካም ነው፤ ባያገኙ ቢላዋ ይያዙና ከአምስት ስድስት ግንድ ላይ ልጡን ፋቅ ፋቅ አድርገው ይመልከቱ፤ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲያልፉም ቢላዋውን በእሳት ያቃጥሉት።